ዐይንና ሌንስ በዋግ ተራሮች፦ ስለ ሰፊ ማዕዘን ሌንስና ስለ ውጭ መመልከቻ ምርጫ

ዋግ ለፎቶግራፍ አንሺ ሁለት ፊት ያላት አገር ናት። ከሰቆጣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢወጡ አምባው፣ ገደሉና ወደ ተከዜ የሚወርደው ሸለቆ ዐይን እስኪደክም ድረስ ይዘረጋል። ወደ ጥንታውያን ሥራዎቿ ለሚጠጋ ሰው ግን ስፍራው ወዲያው ይጠብበዋል። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ በጎረቤት ላስታ የሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ጣሪያ ሥር የታነጸ ሲሆን፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በአለት ጉድጓድ መካከል ቆመዋል። በነዚህ ስፍራዎች «ጥቂት ወደ ኋላ ልበል» የሚል ባለካሜራ ጀርባው ከአለት ይጋጫል።

ከዚህ የተነሣ በዋግና በላስታ ፎቶግራፍ የማንሣት ታሪክ በአብዛኛው ጠባብን ስፍራ በሰፊ ዐይን የማየት ታሪክ ነው። በዚህም ታሪክ ውስጥ ከካሜራው ራስ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ መሣሪያ፣ ማለትም የውጭ መመልከቻ፣ ከመጠኗ በላይ ድርሻ አላት። በፊልም ዘመን ስፍራው ድረስ በበቅሎ ተጉዞ የተነሣው ሥዕል የሚታየው ከሳምንታት በኋላ በሩቅ ከተማ ፊልሙ ሲታጠብ ነበር። በዚያን ጊዜ የሕንጻው ጠርዝ ተቆርጦ ቢገኝ ጉዞውን ከመድገም በቀር ሌላ መድኃኒት አልነበረውም።

ዐይንና ሌንስ አንድ በነበሩበት ዘመን

በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በሰናፌና በእንጣሎ በኩል ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ፣ በአሸንጌ ሐይቅ አልፎ የዋግንና የላስታን ከፍተኛ ምድር ተሻግሯል። አገሩ በዚያን ጊዜ በዋግሹም ጎበዜ እጅ ነበር፤ እኚህም ሰው አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ካረፉ በኋላ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ከጦሩም ጋር በሳጅን ጆን ሃሮልድ የሚመራ የፎቶግራፍ አንሺዎች ቡድን ነበረ፤ ሰዎቹም የእንግሊዝ ንጉሣዊ መሐንዲሶች ክፍል አባላት ነበሩ። በኢትዮጵያ ምድር ከተነሡት ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል የሚቈጠሩት የነዚህ መሐንዲሶች ሥራዎች ናቸው።

መሣሪያቸው ከባድ ነበር። ሥዕሉ የሚያርፍበት ብርጭቆ በስፍራው መድኃኒት ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ብርሃን አግኝቶ፣ ሳይደርቅም መታጠብ ነበረበት፤ ስለዚህም ጨለማ ድንኳንና የመድኃኒት ሣጥን አብረው ይጓዙ ነበር። ሆኖም እነዚያ ሰዎች በኋላ የመጡት ያጡት አንድ ጥቅም ነበራቸው። ፎቶግራፍ አንሺው በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ በካሜራው ጀርባ ባለው የደበዘዘ መስተዋት ላይ ሲመለከት፣ የሚያየው ሌንሱ ራሱ የሚያየውን ነው። ሥዕሉ የተገለበጠ ቢሆንም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እውነተኛ ነበር።

ዐይን ከሌንስ ሲለይ

ይህ አንድነት የፈረሰው በትንሹ ካሜራ ምክንያት ነው። በኦስካር ባርናክ የተነደፈው ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕሲግ ትርኢት ለገበያ ሲቀርብ፣ የሥዕሉ ስፋት 24 በ36 ሚሊ ሜትር፣ ፊልሙም የሲኒማ ፊልም ነበር። ዐይን የሚመለከተው በካሜራው ራስ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ሲሆን፣ ሌንሱ ደግሞ ከሥር በራሱ መንገድ ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ሌንሱን መለዋወጥ ተቻለ፤ 35 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለው ሰፊ ማዕዘን ሌንስም ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1932 ላይካም ሆነ ተፎካካሪው የዛይስ ኢኮን ኮንታክስ ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ ይዘው ወጡ፤ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስም በዚያው አሥር ዓመት ተጨመረ።

ችግሩ እዚህ ላይ ተገለጠ። የካሜራው የራሱ መስኮት የተሠራው ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲሆን፣ ይህም በሰያፍ ሲለካ 47 ዲግሪ ያህል ያያል። የ35 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ 63፣ የ28ቱ 75፣ የ21ዱ ደግሞ 91 ዲግሪ ያህል ያያሉ። ስለዚህ ሰፊ ሌንስ የገጠመ ሰው ሌንሱ ከሚያየው ግማሹን እንኳ ሳያይ መዝጊያውን ይጫን ነበር። መፍትሔው በካሜራው ራስ ላይ ባለው ማቀፊያ የምትሰካ፣ ለሌንሱ ማዕዘን የተሠራች የውጭ መመልከቻ ሆነች።

«መስተዋት ባለው ካሜራ በሌንሱ በኩል ማየት እየተቻለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ በሌንሱ አሠራር ላይ ነው። መስተዋት ባለው ካሜራ ውስጥ ሌንሱ ለሚነሣው መስተዋት ቦታ ለመተው ከፊልሙ መራቅ አለበት። ርቀት መለኪያ ባለው ካሜራ ግን የሌንሱ ጀርባ ወደ ፊልሙ እጅግ ሊጠጋ ስለሚችል፣ ከፊትም ከኋላም ተመጣጣኝ የሆነ ሌንስ መሥራት ይቻላል። በሉድቪግ በርተለ የተነደፈው ቢዮጎን የዚህ ዓይነት ነው፤ ቀጥ ያለ መሥመርንም ቀጥ አድርጎ ያሳርፋል። ዓምድና ደፍ፣ መስኮትና ክፈፍ ለሚመዘግብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህም ሌላ የሚነሣና የሚወድቅ መስተዋት ስለሌለ፣ በዋሻ ጨለማ መዝጊያው ለረጅም ጊዜ ሲከፈት ካሜራው አይንቀጠቀጥም።

የጠባብ ስፍራ ሒሳብ

የጉዳዩን ክብደት በቁጥር ማየት ይቻላል። የላሊበላው ቤተ መድኃኔ ዓለም ቁመቱ 11 ሜትር ያህል ነው። ካሜራው ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውኃ ልኩን ጠብቆ፣ ፊልሙም በቁመቱ ተይዞ ቢቆም፣ ከሌንሱ ማዕከል በላይ 9.4 ሜትር ሕንጻ ይቀራል፤ ይህንንም 18 ሚሊ ሜትር በሆነው የፊልሙ ግማሽ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 26 ሜትር፣ በ35 ሚሊ ሜትር 18 ሜትር፣ በ28 ሚሊ ሜትር 14.6 ሜትር፣ በ21 ሚሊ ሜትር ደግሞ 11 ሜትር ያህል መራቅ ግድ ይሆናል። በአለት ጉድጓድ ውስጥ 26 ሜትር የማይታሰብ ነው፤ 11 ሜትርም ሁልጊዜ አይገኝም። ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ቱንቢ የጠበቁት ግድግዳዎች በሥዕሉ ላይ ወደ ጫፋቸው እየተቀራረቡ የሚወድቁ ይመስላሉ።

የዐይንና የሌንስ መለያየት ያመጣው ሁለተኛ ጉድለትም በቁጥር ይታያል። መመልከቻው ከሌንሱ ማዕከል 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰክቷል እንበል። በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካሜራው አግድም ሲያዝ፣ በ10 ሜትር ርቀት የሥዕሉ ከፍታ 8.6 ሜትር ስለሆነ የ6 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በ1 ሜትር ርቀት ግን ከፍታው 86 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ከመቶ ሰባት ይሆናል። እንግዲህ የሕንጻ ፊት ለሚያነሣ ሰው ይህ ጉድለት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ የብራና ገጽ ወይም የግድግዳ ሥዕል ለሚገለብጥ ሰው ግን አንድ ሙሉ መሥመር ጽሑፍ ሊያሳጣው ይችላል።

የመመልከቻ ዓይነቶች

እነዚህን ጉድለቶች ለማቃለል ልዩ ልዩ መመልከቻዎች ተሠርተዋል። ከሁሉ ቀላሉ ባዶ የሽቦ ክፈፍ ነው፤ አይሰበርም፣ አይደበዝዝም፣ ነገር ግን ዐይን ከስፍራው ጥቂት ፈቀቅ ሲል ልኩ ይዛባል። ሁለተኛው በፊቱ አሳናሽ፣ በኋላው አጉሊ መስተዋት ያለው ቱቦ ነው። ሥዕሉ ብሩህ ሲሆን፣ ወሰኑ የቱቦው ጠርዝ ስለሆነ ከወሰኑ ውጭ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው።

ሦስተኛው ተዟሪ መመልከቻ ነው። የዛይሱ በአንድ መዘውር ላይ ለ28፣ ለ35፣ ለ50፣ ለ85 እና ለ135 ሚሊ ሜትር ሌንሶች የሚሆኑ አምስት ትናንሽ ሌንሶችን ይዟል፤ ሶቪየቶችም በዚሁ አምሳል ሠርተዋል። አንዱ ለብዙ ሌንስ ማገልገሉ ጥቅሙ ነው፤ ክብደቱና ሥዕሉ ትንሽ መሆኑ ደግሞ ጉዳቱ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ይሸጥ የነበረው የላይካ ሁለገብ መመልከቻ ደግሞ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጎ ያሳይ ስለነበር ተጠቃሚውን ልዩ ልምምድ ይጠይቀው ነበር።

አራተኛው ባለብሩህ መሥመር መመልከቻ ነው። መሠረቱን የጣለው ሆላንዳዊው ፋን አልባዳ ነው፤ በዐይን ዙሪያ የተሣለ ክፈፍ ከፊት ባለው በከፊል አንጸባራቂ መስተዋት ላይ ተመልሶ፣ በሩቅ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነጭ መሥመር መስሎ ይታያል። ተመልካቹ በመሥመሩ ውስጥ ያለውንም ከመሥመሩ ውጭ የቀረውንም በአንድነት ያያል። ድካሙ የመስተዋቱ ቅብ በዕድሜ ሊደበዝዝ መቻሉ ነው።

በክፈፉ ውስጥና ከክፈፉ ውጭ

የመጨረሻው ልዩነት፣ ማለትም ከወሰኑ ውጭ ያለውን ማየት ወይም አለማየት፣ ከመሣሪያ አልፎ ከታሪክ ጋር ይገናኛል። ሞንቲ ዴላ ኮርቴ የተባለው ኢጣሊያዊ ስለ ላሊበላና ስለ ላስታ ጥንታውያን ሐውልቶች ያዘጋጀው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1940 በሮማ ታተመ፤ ሠዓሊው ሊኖ ቢያንኪ ባሪቪዬራም የላስታንና የዋግን አብያተ ክርስቲያናት በመዳብ ላይ በተቀረጹ ሥዕሎች አቀረበ። ሥራዎቹ ለሕንጻ ጥናት ጠቃሚ መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን መጽሐፉ ከመታተሙ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1930 ዓ.ም. መስከረም፣ የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በኢጣሊያ ጦር ተገድለው ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ ታይቷል። የአገሩ ድንጋይ በጥንቃቄ ሲለካ የአገሩ ሰው መከራ ከክፈፉ ውጭ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ የስዊሱ ተወላጅ ጌዮርግ ጌርስተር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው የአለት አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ የኢትዮጵያን የድንጋይ ሥራ ለዓለም በሰፊው አስተዋወቀ። ዳሩ ግን ዓለም ያን አካባቢ ያወቀበት ሌላው ክፈፍ ብዙ ሳይቆይ መጣ። መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣው የረሃብ ፊልም ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ.ቢ.ሲ. ታየ። በላይካ ካሜራዎች ይሠራ የነበረው ብራዚላዊው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶም በዚያው ዘመን የኮረምን መጠለያ አነሣ፤ ሥዕሎቹ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት መርጃ በታተመ መጽሐፍ ወጥተዋል። ሥዕሎቹ እውነት ነበሩ፤ እህልና መድኃኒትም አስገኝተዋል። ነገር ግን ከዚያ ክፈፍ በቀር ሌላ ያላየ የውጭ ሰው ለብዙ ዓመታት ዋግንና አካባቢውን በረሃብ ብቻ ዐወቀ። ዳገቱን በእርከን የያዘው ገበሬ፣ የሰቆጣ ገበያ፣ የኽምጣኛ ቋንቋና የድንጋዩ ጥበብ ከመሥመሩ ውጭ ቀሩ።

ክፈፍ ሁሉ አንድ ነገር ይይዛል፣ ብዙ ነገር ይተዋል፤ ይህ ከፎቶግራፍ የማይለይ ባሕርይ ነው። ልዩነቱ የሚተወውን አይቶ በሚተውና ሳያይ በሚተው ሰው መካከል ነው። በቱቦ መመልከቻ የሚያይ ሰው ከጥቁሩ ጠርዝ ባሻገር ምን እንዳለ አያውቅም፤ ባለብሩህ መሥመሩን የያዘ ግን ወደ ሥዕሉ ሊገባ የሚመጣውን ሰውም ሊቆረጥ የተቃረበውንም ዓምድ አስቀድሞ ያያል። ምርጫው ለእርሱ ቀርቶለታል።

ለመራጩ

ዛሬ ዲጂታል ካሜራ ሌንሱ የሚያየውን በጀርባው መስኮት ስለሚያሳይ፣ የ1860ዎቹ መሐንዲሶች ጥቅም በአዲስ መልክ ተመልሷል። ይሁን እንጂ ርቀት መለኪያ ያላቸው ካሜራዎች አሁንም ይሠራሉ፤ አሮጌዎቹም በብዙ ሰው እጅ ይገኛሉ። በእነዚህ ወደ ዋግ ለሚጓዝ ባለሙያ ከላይ ከተባለው የሚከተለው ምክር ይወጣል።

አንድ ሰፊ ሌንስ ብቻ ለያዘ ሰው ለዚያው ሌንስ የተሠራ ባለብሩህ መሥመር መመልከቻ ይሻላል፤ ብዙ ሌንስ ለሚለዋውጥ ተዟሪው ይጠቅማል። መነጽር የሚያደርግ ሰው መሥመሩን ከዳር እስከ ዳር በመነጽሩ በኩል ማየቱን ሳያረጋግጥ አይግዛ። በማቀፊያው ላይ የላላ መመልከቻ ወደ ጎን ስለሚያሳይ መጥበቁ ይፈተሽ።

ከጉዞ በፊትም ሙከራ ያስፈልጋል። ካሜራው በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሆኖ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ከተደረገበት ግድግዳ 2 ሜትር ይቁም። በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፊልሙ 2.57 ሜትር በ1.71 ሜትር ሊይዝ ይገባዋል። በመመልከቻው የታየው የመጨረሻ ምልክት ይጻፍ፤ ከታጠበውም ፊልም ጋር ይነጻጸር። አምራቾች መሥመሩን አብዛኛውን ጊዜ ከእውነተኛው ጥቂት አጥብበው ስለሚሠሩ፣ ልዩነቱን በቁጥር ማወቅ ይጠቅማል።

በመጨረሻም ርቀቱን በአንድ መስኮት ለክቶ ሥዕሉን በሌላ መስኮት ማየት ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ መላ አለው፤ የ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ የብርሃን ቀዳዳው 8 ላይ ሆኖ ርቀቱ በ3.3 ሜትር ቢታሰር፣ ከ1.6 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ በበቂ ጥራት ይታያል። ያን ጊዜ ዐይን ከውጭ መመልከቻው መነሣት አያስፈልገውም። በዋሻ ውስጥ ግን ብርሃኑ ስለማይበቃ ማቆሚያውና ውኃ ልኩ ከሻንጣው ሊጎድሉ አይገባም።