የብረት በቅሎ

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። አባቶቻችን በዚህ ተረት የሚሥቁት ዘሩን ደብቆ በዘመዱ በሚመካ ሰው ነው እንጂ በበቅሎዋስ አይደለም። በቅሎ የተከበረች ነበረች። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ፣ አህያ ለጭነት ሲሆኑ፣ ለረጅሙ መንገድ፣ ለገደሉና ለዳገቱ የምትመረጠው በቅሎ ነበረች። የመኳንንቱ ማዕረግ በበቅሎው ኮርቻና ግላስ ይለይ ነበር። ዛሬ ለአንባቢ ላወጋ የፈለግሁት ግን ስለ ሌላ በቅሎ ነው፤ አራዳን ከመቶ ዓመት በላይ ስላወቃት፣ ፒያሳም ቋንቋ ስለሰጠው ስለ ብረት በቅሎ።

አዲስ አበባ አውቶሞቢልን ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከባሕር ጠረፍ እየነዳ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አሳየ። ያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም፤ እስከ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። ከጠረፍ እስከ አዲስ አበባ የሚያደርስ የመኪና መንገድማ አልነበረም። እንግዲህ አውቶሞቢል ወደ አገራችን ስትገባ የመጀመሪያው ፈተናዋ ዛሬ «ፎር ዊል» የምንላት መኪና የተፈጠረችበት ፈተና ነበር፤ መንገድ በሌለበት መሄድ። ንጉሠ ነገሥቱም አዲስ ነገር መፍራት አያውቁምና ተሳፈሩባት።

በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው ሐውልታቸው ግን በፈረስ ላይ ነው። በ1923 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ዛሬ መኪናው ሁሉ ያንን ፈረሰኛ እየዞረ ያልፋል። በዚያ አደባባይ ባለፍሁ ቁጥር፣ በቅሎዋና አውቶሞቢሏ በአንድ ንጉሥ ዘመን አራዳ ላይ መገናኘታቸው ይታሰበኛል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። የ1928 – 1933 ዓ.ም. ወረራ ያፈሰሰውን ደም ማንም አይረሳውም። ያ ወራሪ በመጣበት ዘመን መንገድ ተሠራ፣ የጣርማ በር ዋሻ ተፈለፈለ፣ ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ያለው የጭነት መኪና ዳገቱን ያቃስት ጀመር። የአራዳ ገበያም ወደ ምዕራብ ተገፍቶ መርካቶ ሲሆን፣ ለአሮጌው ሰፈር ፒያሳ የሚለው ስም ቀረ። ጣሊያን ተሸንፎ ወጣ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ጋራዥ ገብቶ ጆሮውን ለሚጥል ሰው ይህ ግልጽ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ፣ ብሎን፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ናፍጣ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ፣ ብረት የሚቀርጸው ማሽን ቶርኖ ነው። «መኪና» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ቋንቋ ነው። የተሸነፈ ጠላት ጠመንጃውን ሲጥል እንደሚማረክ ሁሉ፣ የኛም ባለሙያዎች ቃሉን ማረኩት እላለሁ። ዛሬ አንድ የሮም ሰው የፒያሳን መካኒክ ቢሰማ ግማሹን የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ግሱና ስድቡ ግን አማርኛ ነው።

የብረት በቅሎዋ ዘርስ? እዚህ ላይ ተረቱ ይመለሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ጂፕን ሠሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሞሪስ ዊልክስ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በእርሻው ላይ በአሮጌ ጂፕ ይገለገል ነበርና የራሱን አሰበ። በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. ላንድሮቨር በአምስተርዳም ለሕዝብ ታየች። ብረት በራሽን በሚታደልበት ዘመን ስለተወለደች አካሏ ከአሉሚኒየም ሆነ፤ ስለዚህም ላሜራዋ አይዝግም። ጃፓኖች ደግሞ በ1943 ዓ.ም. «ቶዮታ ጂፕ» ያሏትን ሠርተው በፉጂ ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ አወጧት። «ጂፕ» የሚለው ስም የሰው ንብረት ነውና በ1946 ዓ.ም. ስሟ «ላንድክሩዘር» ተባለ። አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቷን ጠራች ማለት ነው!

በአገራችን እነዚህ መኪኖች ያልገቡበት ታሪክ የለም። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ላለው አገር ሁሉ እነርሱ ነበሩ በቅሎዎቹ። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር በረሓ በላንድሮቨር ወጥተው ነበር ከድንቅነሽ አጥንት ጋር የተገናኙት። ዛሬ ከፒያሳ በእግር ተጉዘን የምንጎበኛት ድንቅነሽ ከ3 ሚሊዮን ዓመት እንቅልፏ ስትነቃ፣ ቀድማ የሰማችው የሞተር ድምፅ ሳይሆን አይቀርም።

የሞተር ድምፅ ግን ሁልጊዜ የምሥራች አልነበረም። በቀይ ሽብር ዓመታት በሌሊት ደጃፍ ላይ የሚቆም መኪና ምን ማለት እንደነበር የዚያ ትውልድ እናቶች ያውቃሉ። ጥቅምት 1977 ዓ.ም. የረሃቡ ሥዕል ከኮረም ወጥቶ ዓለምን አስደነገጠ፤ በኅዳር ደግሞ በጃፓን የላንድክሩዘር 70 ሞዴል ለገበያ ቀረበ። ግጥምጥሞሹ ያለ ዕቅድ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ነጩ ላንድክሩዘር በገጠሩ ሰው ዓይን የእህልና የመድኃኒት ምልክት ሆነ። በ1979 ዓ.ም. በቻድና በሊቢያ መካከል የተደረገው ጦርነት ደግሞ «የቶዮታ ጦርነት» ተባለ፤ ቻዶች በፒካፖቻቸው ታንክ አሸነፉ። ያው መኪና ለአንዱ ዳቦ፣ ለሌላው ጥይት ያመላልሳል። በቅሎም እንዲሁ ነበረች፤ ወደ ዓድዋ ስንቅና ጥይት ተጭና ዘምታለች።

የኔዋ በ1985 ዓ.ም. የተሠራች የ70 ሞዴል ላንድክሩዘር ናት። በ1998 ዓ.ም. በጨረታ ገዛኋት። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲ.ሲ.፣ ተርቦ የሌለው፣ ኮምፒዩተርም የማያውቀው ናፍጣ ነው። የመጠገኗ ምሥጢር ይኸው ነው፤ የታመመችበትን በጆሮ፣ በአፍንጫና በእጅ ማወቅ ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከጠረፉ ሩብ ያህል ያንሳል። ናፍጣው ሳይቀነስ አየሩ ሲያንስ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል። የቸርችልን ዳገት ጥቁር ጭስ ሳያስተፋት የሚያስወጣ መካኒክ ፖምፓዋን በልኩ ያሰረ ነው።

የኔዋን የሚይዛት ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው የፒያሳ አዛውንት ናቸው። በነገሥታቱ ዘመን የበቅሎና የፈረስ አለቃ «ባልደራስ» ይባል ነበር፤ እኔ ለጋሼ ከዚህ የተሻለ ማዕረግ አላገኘሁም። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀይራሉ። የታይሚንግ ቺንጋዋ 100,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ካልተለወጠ ተበጥሶ ቫልቩን ከፒስቶን ጋር እንደሚያጋጭ ደጋግመው ነግረውኛል። ከመስቀለኛው ዘንግ ላይ ግራሶ፣ ከናፍጣው ማጣሪያ ሥር የተጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስ፣ እነዚህን አይረሱም። አንድ ጊዜ በደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም እግር አስገብቼ ብመጣ ምን እንደሚሆን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «መኪና ሲታጠፍ የፊቱ እግር ከኋላው የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል። በጭቃ ላይ ልዩነቱን ጭቃው ይችለዋል። በአስፋልት ላይ ግን ማን ይቻለው? ብረቱ ነው። ችግር ሲመጣ አራታችንም እንግባ፤ ደኅና ቀን ላይ ግን ሁሉም ካልገባሁ ካለ ቤቱ ይሰበራል።»

ስለ ማርሽ የተናገሩት ይህ ቃል ስለ ስንት ነገር እንደሚሠራ አንባቢ ይፍረደው።

መለዋወጫ ሲጠፋ ወደ ሶማሌ ተራ ይኬዳል። እዚያ አሮጌ አይጣልም፤ አንዱ መኪና ሞቶ ለሌላው ኩሽኔታ ይሆናል። ከዚያም የጠፋው ዕቃ በቶርኖ ይቀረጻል። እንዲህ ያለው ሙያ በምርጫ ብቻ የመጣ አይደለም። አዲስ መኪና ለመግዛት የማይችል አገር አሮጌውን ማስታመም ግዴታው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ለማስገባት እጅግ ውድ ሲያደርገው፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ዋጋቸው ጨመረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ የኤሌክትሪኩ ዘመን ተጀመረ። ጭሱ መቅረቱን አልጠላውም። አውቶሞቢልን በ1900 ዓ.ም. በቅሎ አስረው የተቀበሉ ሰዎች ልጆች ነንና አዲሱን መፍራት አያምርብንም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የአሮጌው ፒያሳ ብዙው ክፍል፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ፈረሰ። የጋሼም ጋራዥ ከፈረሱት አንዱ ነበር። ቤቱ ጭቃና ቆርቆሮ ነበርና ለማንም አልታዘነለትም ይሆናል። ጋሼ ዕቃቸውን ጭነው ከከተማው ዳር ወጡ፤ ሁለት ተማሪዎቻቸው ግን ርቀቱን አልቻሉትምና ሌላ ሥራ ያዙ። አንደኛው ፖምፓ ማሰር ሊጨርስ ጥቂት የቀረው ልጅ ነበር። ቤት ሲፈርስ ፎቶግራፉ ይቀራል፤ የሞተርን ድምፅ ሰምቶ «ሦስተኛው ሲሊንደር ነው» የሚል ጆሮ ሲጠፋ ግን ምን ይቀራል?

ደላላ በየጊዜው ደጄን ያንኳኳል። የሚጠራው ዋጋ ከገዛሁበት ብዙ እጥፍ ነው፤ ባለቤቴም ብንሸጣት የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ እንደሚቃለል ታውቃለች፤ እውነቷን ነው። እኔ ግን ለአንድ ዓመት ቀነ ቀጠሮ ለመንኋት። በዚህ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጋሼ እየሄድሁ የሚሉትን እጽፋለሁ፤ የመሣሪያውን ስም፣ የሕመሙን ስም፣ መድኃኒቱን። ያ ፖምፓ ማሰር ያልጨረሰው ልጅም በኔ መኪና ላይ ይጨርስ ዘንድ ቅዳሜን ተስማምተናል፤ የታክሲውን እኔ እችላለሁ። እስካሁን ሁለት ደብተር ሞልቷል። ልጁም ባለፈው ቅዳሜ ፖምፓዋን ብቻውን ፈትቶ ብቻውን አሰረ፤ ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ሲያዳምጡ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ በሰፈርህ እንዲህ ያለ ባልደራስ ካለ ሂድና ጠይቀው። የበቅሎን ኮርቻ ክፍሎች ስም ሁሉ የሚያውቁት አያቶቻችን ሳይጠየቁ አልፈዋል። የብረቷን በቅሎ ስሞች የሚያውቁት ግን ዛሬም እጃቸው ዘይት እንደነካ አሉ።