ሉሉን ማን አወጣው?

ወደ ድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ልመልሳችሁ።

በፈረንጆቹ 1919 ሲሲል ደሚል «ወንድና ሴት» በተሰኘው ፊልሙ ግሎሪያ ስዋንሰንን ወደ ባቢሎን ወስዶ ሉል የተንዠረገገበት ቀሚስና የፒኮክ ላባ አለበሳት። በ1922 ደግሞ ተራው የወንድ ሆነ። ሩዶልፍ ቫለንቲኖ «ወጣቱ ራጃ» ላይ ደረቱን በሉል ድርድር ብቻ ሸፍኖ ታየ። ልብሱን የነደፈችው ናታሻ ራምቦቫ ነበረች።

ለምን ሉል? ፊልሙ ድምፅ የለው፣ ቀለም የለው። የዚያ ዘመን ፊልም ቀይን ወደ ጥቁር ስለሚወስደው ቀይ ዕንቁ ከጠጠር አይለይም። ነጭ ሉል ግን ከሩቅ ያበራል። ተመልካቹም ዋጋውን ያውቃል፤ በ1917 ካርቲየር ኒውዮርክ ላይ አንድ ትልቅ ቪላ የገዛው በባለ ሁለት ድርድር የሉል ሐብልና በ100 ዶላር ነው። ሐብሉ 1 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር።

እርግጥ ካሜራ ፊት የሚቀርብ ሉል እውነተኛ መሆን የለበትም፤ በዓሣ ቅርፊት ቅባት የተለበጠ መስታወትም ያብለጨልጫል። ግን አስመስሎ የተሠራው የሚያማልለው እውነተኛው ውድ ስለሆነ ነው።

እውነተኛው ከየት ይመጣ ነበር? አብዛኛው ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ፦ ከባሕሬን፣ ከኩዌት፣ ከዱባይ ዳርቻ። ጠላቂው አፍንጫውን በቆንጣጭ ዘግቶ፣ እግሩን በድንጋይ አክብዶ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ለቤተሰቡ ስንቅ አስቀድሞ የተበደረው ገንዘብ ከጀልባው አለቃ ጋር ያስረው ነበር። አባት ሲሞት ዕዳው ለልጅ የሚተላለፍበት ጊዜም ነበር። ከጠላቂዎቹ መካከል ከምሥራቅ አፍሪካ ተግዘው የተሸጡ ባሮች ነበሩ፤ ከእኛም አገር የተወሰዱ አሉባቸው።

ከዚያ ዋጋው ወደቀ። ሚኪሞቶ በጃፓን ያረባው ሉል በ1920ዎቹ ገበያውን አጥለቀለቀ፤ የ1929 የኢኮኖሚ ቀውስ ደግሞ ጨረሰው። ያ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሐብል በ1957 በጨረታ ሲሸጥ 200 ሺህ ዶላር እንኳ አላወጣም። ቪላው ግን ዛሬም የካርቲየር ነው።

ራምቦቫን የፊልም ታሪክ በስሟ ያስታውሳታል። ከጠላቂዎቹ የጥቂቶቹ ስም የተረፈው ደግሞ በእንግሊዝ መዛግብት ውስጥ ነው። ወደ ቆንስላ ሄደው «ባሪያ ነኝ፣ ነፃ አውጡኝ» ብለው ስላመለከቱ ብቻ ተጻፈ።