የጋፋት መድፍ

ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ሰፍረው የነበሩትን የአውሮፓ የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን መድፍ እንዲያቀልጡ ባዘዙ ጊዜ፣ ሰዎቹ ለወንጌል የመጡና የመድፍ ሥራ የማያውቁ በመሆናቸው ትእዛዙ የማይሆን ምኞት መስሎ ታያቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ደግመው እንዲሞክሩ ስላበረታቷቸው፣ የእሳቱንና የምድጃውን ጠባይ ከራሱ ከስሕተቱ እየተማሩ፣ በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሞርታር፣ ማለትም በርሜሉ አጭርና አፉ ሰፊ ሆኖ ጥይቱን ሽቅብ የሚወረውር መድፍ፣ ከነሐስ አፈሰሱ።

ይሁንና ከመድፉ ይልቅ የሚያስደንቀው መንገዱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ አምባ ሲጓዙ፣ ይህን የሚያህል ክብደት በጋሪ ለማሻገር የጅዳንና የበሽሎን ወንዞች ገደል እያስፈለጡ፣ አልፎ አልፎም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ከዚያ በፊት ጋሪ ባልረገጠው ተራራ ላይ መንገድ አወጡ። ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ከጠበቃቸው ሞት አላዳናቸውም፤ ዛሬም ግን እዚያው ይገኛል።