በእጅ የሚያዝ ቤተ መጻሕፍት፤ የትንሹ ታብሌት ታሪክ

መጽሐፍን ይዞ መጓዝ ለኢትዮጵያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍት ጠራዦች ለዳዊትና ለመሳሰሉት አነስተኛ መጻሕፍት ከቆዳ የተሰፋ ማኅደር ያበጁ ነበር፤ ባለቤቱም ማኅደሩን በጠፍር በትከሻው አንግቶ ከደብር ወደ ደብር ይዞት ይሄዳል። በሌላውም ዓለም ታሪኩ ከዚህ እምብዛም አይለይም። የቬኒሱ አታሚ አልዱስ ማኑቲዩስ በ1501 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የላቲን ባለቅኔዎችን ሥራ በአነስተኛ መጠን ማተም በጀመረ ጊዜ፣ ከአትሮንስ ላይ የማይነሣው ከባድ መጽሐፍ በመንገደኛው እጅ ገባ። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍም የመነጨው ከዚሁ ጥንታዊ ፍላጎት ስለሆነ ታሪኩን ከኮምፒዩተር ብቻ መጀመር አያስኬድም።

ሐሳቡ በዘመናዊ መልክ የተነሣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ነው። በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው አላን ኬይ በ1972 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከደብተር የማይበልጥና ከ4 ፓውንድ ያነሰ ክብደት ያለው፣ ሕፃናት ሊያነቡበትና ሊጽፉበት የሚችሉ ኮምፒዩተር ምን መምሰል እንዳለበት ዘረዘረ፤ ስሙንም ዳይናቡክ አለው። መሣሪያው በታሰበው መልክ አልተሠራም። ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1971፣ ማይክል ሃርት የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ በዩኒቨርሲቲው ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ጽፎ ሌሎች እንዲወስዱት አደረገ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለውና ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት በነፃ የሚሰጠው ድርጅት የተጀመረው በዚህ ነው። አንደኛው መጽሐፍ የሌለው መሣሪያ፣ ሁለተኛው መሣሪያ የሌለው መጽሐፍ ነበራቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ።

በመካከሉ ያልተሳኩ ሙከራዎች ተደርገዋል። በ1998 ሮኬት ኢቡክና ሶፍትቡክ የተባሉ ሁለት የማንበቢያ መሣሪያዎች ለገበያ ቀረቡ። የሮኬት ኢቡክ ፈጣሪዎች ማርቲን ኤበርሃርድና ማርክ ታርፔኒንግ፣ በኋላ በ2003 የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የሚሠራውን ቴስላን የመሠረቱት ናቸው። ሁለቱንም መሣሪያዎች ጌምስታር የተባለ ኩባንያ በ2000 ገዝቶ በ2003 ንግዱን ዘጋው። የገዙት ሰዎች ደንበኛ የሚሆኑበት መደብር አጡ። ይህ ዓይነቱ መጨረሻ ከዚያ ወዲህም እየደጋገመ የመጣ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የኤሌክትሮኒክ ቀለም ነበር። ቀለሙ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶችን የያዘ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ብናኞች ይንሳፈፋሉ። ከበታች ኤሌክትሪክ ሲላክ ነጩ ወይም ጥቁሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ እዚያው ስለሚቆይ መሣሪያው ኃይል የሚፈልገው ገጽ ሲገለጥ ብቻ ነው። ባትሪው ለሳምንታት የሚበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃኑም እንደ ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ በፀሐይ ላይ ይበልጥ ይነበባል እንጂ አይደበዝዝም። ሶኒ በ2004 በጃፓን ያወጣው ሊብሪዬ በዚህ ቀለም የተሠራ የመጀመሪያው የማንበቢያ መሣሪያ ሲሆን፣ የተከራየው መጽሐፍ በ60 ቀን ውስጥ የሚዘጋ መሆኑ ግን አንባቢን አራቀ። አማዞን ኅዳር 19 ቀን 2007 ኪንድልን በ399 ዶላር ሲያቀርብ የተዘጋጀው ሁሉ በአምስት ሰዓት ተኩል ተሸጦ አለቀ። የኪንድል ብልጫ ከስክሪኑ ይልቅ መጽሐፉ ያለ ኮምፒዩተርና ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ ሞገድ፣ በደቂቃ ውስጥ የሚደርስ መሆኑ ነበር።

ታብሌት በዚህ መሐል የገባው በሌላ በር ነው። አፕል ሚያዝያ 3 ቀን 2010 ለገበያ ያቀረበው አይፓድ 9.7 ኢንች ስክሪን ያለው፣ 680 ግራም የሚመዝን፣ ለሥዕልና ለፊልም የሚስማማ መሣሪያ ነበር። ለመጽሐፍ ግን ከበደ። በአልጋ ላይ ጋደም ብሎ አንድ ሰዓት በአንድ እጅ ለያዘው ሰው ክንዱን ያዝለዋል። ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለው የመጻሕፍት ነጋዴ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኑክ ከለር የተባለ፣ 7 ኢንች ባለ ቀለም ስክሪን ያለው መሣሪያ በ249 ዶላር አወጣ። የተሸጠው ለማንበቢያ ቢሆንም፣ ዘዴውን ያወቁ ሰዎች ውስጡን ከፍተው ሙሉ የአንድሮይድ ታብሌት አደረጉት። የመጽሐፍ መሣሪያ ታብሌት ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ታብሌቱ በተራው የመጽሐፍ መሣሪያ ሆነ።

የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ በጥቅምት 2010 ባለ 7 ኢንች ታብሌቶች ሞተው የተወለዱ ናቸው የሚል ፍርድ ሰጥቶ ነበር። ገበያው ግን ሌላ ፈረደ። በኅዳር 2011 አማዞን ኪንድል ፋየርን በ199 ዶላር አወጣ፤ በ2012 ጉግል 340 ግራም የሚመዝነውን ኔክሰስ 7 በዚያው ዋጋ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ ጆብስ ካረፈ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ አፕል ራሱ 7.9 ኢንች ስክሪን ያለውንና 308 ግራም ብቻ የሚመዝነውን አይፓድ ሚኒ ለመሸጥ ተገደደ።

ሰባት ኢንች ለምን ተመረጠ ቢባል፣ መልሱ ያለው በመዳፍ ስፋት ነው። መሣሪያው በአውራ ጣትና በአራቱ ጣቶች መካከል ይያዛል፤ ስክሪኑም ከአንድ ተራ የልብ ወለድ መጽሐፍ ገጽ ብዙ አያንስም። ለዚህ የሚረዳው ደግሞ በ2007 ደንብ ሆኖ የጸደቀው ኢፐብ የተባለው የፋይል ዓይነት ነው። በኢፐብ የተዘጋጀ ጽሑፍ ቋሚ ገጽ የለውም፤ እንደ ውኃ በተሰጠው ዕቃ ልክ ይፈሳል። ዓይኑ የደከመ አንባቢ ፊደሉን ሲያሳድግ መስመሩ ራሱን ያስተካክላል፤ የመነጽር ቁጥራቸው በየዓመቱ ለሚጨምርባቸው ሰዎች ይህ ከማንኛውም ሌላ ጥቅም ይበልጣል። ጉድለቱም አለ። የታብሌት ስክሪን ከውስጥ የሚበራ ስለሆነ በቀትር ፀሐይ መስተዋት ይሆናል፤ ባትሪውም ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ቢቆይ ነው። በ2014 መጨረሻ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በ12 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ከመኝታ በፊት በአይፓድ ያነበቡት በወረቀት መጽሐፍ ሲያነቡ ከነበረው ወደ አሥር ደቂቃ ያህል ዘግይተው እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አሳይቷል። ብርሃኑን መቀነስ፣ የስክሪኑን መደብ ወደ ቡናማ መለወጥና መልእክት እንዳይመጣ ግንኙነቱን መዝጋት ልማድ የሆነው ከዚህ የተነሳ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይጠቅማል፤ መጽሐፍን የሚያቋርጠው ብርሃን ሳይሆን ደወል ነውና።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። በሐምሌ 2009 አማዞን የመሸጥ መብት በሌለው ሰው ቀርበው የነበሩትን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት፣ 1984ንና የእንስሳት እድርን፣ ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። የኩባንያው መሪ ይቅርታ ቢጠይቅም፣ የተገዛ መጽሐፍ ከገዢው መደርደሪያ ሊነሣ እንደሚችል ታወቀ። በ2019 ማይክሮሶፍት የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ የሸጣቸው ሁሉ ከሐምሌ ወር ጀምሮ የማይከፈቱ ሆኑ፤ ገንዘብ ተመለሰ፣ መጻሕፍቱ ግን ሄዱ። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መዝገብ ላይ ያለ መጽሐፍ ነገም መኖሩን ማን ያረጋግጣል?

አማርኛ ወደዚህ ጉዞ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግዕዝ ፊደልን በኮምፒዩተር የሠሩ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የፊደል ቁጥር አሰጣጥ ይከተሉ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ፊደሉ የጋራ ቁጥር ያገኘው በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ ደንብ ነው። ከዚያም በኋላ ፊደሉን ያልጫነ መሣሪያ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድር ነበር።

በ2012 የኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ድርጅት፣ አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን የተባለው፣ በወንጪ ተራራና በስምጥ ሸለቆ ባለችው ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልደረሳቸው ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። ኔግሮፖንቴ ሕፃናቱ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን እንዳገኙ፣ በአምስት ወር ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ እንደከፈቱ ተናግሯል። የልጆቹ ብልሃት አያጠራጥርም። ሆኖም በታብሌቶቹ ውስጥ የነበረው የንባብ ትምህርት እንግሊዝኛ ነበር፤ በቤታቸው ቋንቋ የተጻፈ ተረት ቢሰጣቸው ምን ይሆን እንደነበረ ሙከራው አልጠየቀም።

ዛሬ በትንሽ ታብሌት የሚነበበው አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ ገጹ ፎቶግራፍ የተነሣ ፒ ዲ ኤፍ ነው። ፎቶግራፍ እንደ ኢፐብ አይፈስም፤ አንባቢው በ7 ኢንች ስክሪን ላይ ገጹን እያሰፋ፣ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ እየጎተተ ያነባል። ለብራና ጥናት ግን ይኸው ፎቶግራፍ ትልቅ ሀብት ነው። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የተቀመጡት የኢትዮጵያ ብራናዎች በከፊል በኢንተርኔት ስለሚታዩ፣ ተመራማሪው የጸሐፊውን የብዕር አጣጣል ጭምር በታብሌቱ ላይ አስፍቶ ሊመለከት ይችላል። በሕይወት ላለ ደራሲ ግን በቴሌግራም ያለ ፈቃድ የሚዞረው ቅጂ ኪሳራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ለደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ቢሰጥም፣ አዋጁ በስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈውን ፋይል ተከታትሎ መያዝ አልቻለም። በሕጋዊ መንገድ የሚገዛ የአማርኛ ኢፐብ በበቂ ካልቀረበ አንባቢውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጽሑፍ በከፊል ተጽፎ ተቀምጧል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በኮምፒዩተር ተለቅመው የታተሙ መጻሕፍት ፋይሎች በየማተሚያ ቤቱና በየደራሲው ቤት በፍሎፒ ዲስክ ላይ ይገኛሉ፤ ወደ ዩኒኮድ ቢገለበጡ እንደገና መልቀምም ሆነ ፎቶግራፍ ማንሣት አያሻም። ዲስኩን የሚያነበው መሣሪያ ግን በገበያ ብርቅ ሆኗል፤ የዲስኩም መግነጢስ በየዓመቱ እየደከመ ነው።