ከድምፁ ጀርባ የቀረው ባንድ

ገርጂ ውስጥ ባለች አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት፣ ሆዳቸው ከተከፈተ ቴሌቪዥኖች መካከል፣ የብዙነሽ በቀለ ካሴት አየሁ። ክሩ ተዘርግፎ ነበርና ባለሙያው በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠነ መለሰው። ሲያጫውተው ቀድሞ የመጣው ባስ ጊታሩ ነው፤ ትንፋሾቹ ተከተሉ፤ በመጨረሻ እሷ ገባች፣ ሁሉንም አስከትላ። ሽፋኑን ገልብጬ የተጫዋቾቹን ስም ፈለግሁ። የእሷ ስም በትልቁ አለ፣ የዘፈኖቹ ዝርዝር አለ፤ የባንዱ ስም ግን የለም።

የባንዶቹ ነገር ከካሴት ዘመን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በቤተ መንግሥት ማርሽ መንፋት ከጀመሩ ወዲህ፣ ዘመናዊው ሙዚቃ በአብዛኛው ያደገው በመለዮ ለባሹ ቤት ነው፤ በክብር ዘበኛ፣ በምድር ጦር፣ በፖሊስ ሠራዊት። ለሴት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ዘፋኝ ማለት አዝማሪ፣ አዝማሪ ማለትም ስድብ በነበረበት አገር፣ ብዙነሽ በክብር ዘበኛ፣ ሒሩት በቀለ በፖሊስ ኦርኬስትራ ደመወዝተኛ ሆነው ጥናት ገቡ። እንደኔ እንደኔ የድምፃቸው ጉልበት ምሥጢር ግማሹ እዚህ ላይ ነው፤ ከኋላዋ የተሰለፈውን ትንፋሽ ሁሉ አልፋ መሰማት የለመደች ሴት በምንም አትሸፈንም። ብዙነሽን «የኢትዮጵያዋ አሬታ ፍራንክሊን» ማለት ያስደሰተን ይመስላል። እኔን ግን ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል፤ በራሷ ስም ለመታወቅ ምን ጎደላት?

አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ አዲስ ምት ሲደርስ ጊታሩ ዋዋ ማለት ጀመረ፤ ድራሙም ችክችካውን ሳይለቅ ፈንክ ተማረ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሀገር ፍቅር ቴአትርን ብቸኛ የማሳተም መብት ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። ካይፋ ሪከርድስም ተከተለ። አሰለፈች አሽኔና ጌጤነሽ ክብረት ሁለት ድምፅ አንድ አድርገው የዘፈኑበት ሸክላ የወጣው በካይፋ ነው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ፈልጎ እንደገና ያሳተመው ግን ኒው ኦርሊንስ የሚገኝ አንድ አነስተኛ አሳታሚ ነው።

በዚያ ጊዜ ሙዚቃው ያለው ፒያሳ፣ ራስ ሆቴል፣ ግዮን ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያና ሜዳ ነበረች። ሆኖም የዚህ ታሪክ ትልቁ በር እሷ ናት። ደርግ የሰዓት እላፊ ካወጀ በኋላ ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ የወጡት በቦሌ ነው። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድ ለትርኢት ወደ አሜሪካ ተጉዞ ከአባላቱ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ፤ ከእነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ በኋላ ዋሽንግተን አቅራቢያ ታክሲ እየነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አልለይም አለ። በሆቴል ዳፍሪክ፣ በሸበሌና በአይቤክስ ባንዶች የዘፈነችው አስቴር አወቀም ያኔ ወጣች። አስቴርን ዓለም አወቃት፤ አጃቢዎቿን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። ብዙነሽ እዚሁ ቀርታ በ1982 ዓ.ም. አረፈች። ሒሩት ወደ መዝሙር ዞራ እስከ 2015 ዓ.ም. ኖረች።

ሙዚቃው በወጣበት በር ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማሳተም ሲጀምር፣ የእናቶቻችን ዘፈን በዳያስፖራ ሻንጣ ታሽጎ ቦሌ ገባ። ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ አሜሪካዊቷ ቤቲ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1973 ፈንክና ሮክን እያጮኸች ያወጣችው አልበም በሰፊው የተወደደው እንደገና ሲታተም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007። ልዩነቱ፣ እኛ ዘፋኞቻችንን ጨርሶ አልረሳንም፤ በሰርግም በሚኒባስም ይዘፈናሉ። የጠፋን ቤታቸው ነው፤ ማን አቀናበረ፣ ማን ባስ መታ፣ ጥናቱ ስንት ሰዓት ይገባ ነበር የሚለው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ብዙዎቻችን እንደ አዲስ ነገር ተገረምን። የጊታሩ ጩኸት ከነ ትዝታና አንቺሆዬ ቅኝት ጋር ተጋጭቶ፣ ሔዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ ከሁለት ወንድ ድምፃውያን ጋር እኩል ሲያስተጋቡ፣ የአያቶቻቸውን ቁመት ነበር የሰማነው። የባንዱ ስም ጃኖም ዳር ቀዩ ነጠላ ነው፤ የታወቀ ልብስ። ያኔ ግን ማንም ብዙነሽን አላነሳልኝም፤ እኔም አላነሳሁም።

ገርጂ የነበረው ካሴት እየተጫወተ ሳለ ሬዲዮ ሊያሠሩ የመጡ አዛውንት ደጃፉ ላይ ቆመው አዳመጡ። «ይሄማ ዳህላክ ባንድ ነው፤» አሉ። ባለሙያው ሳቀ፦ «ኧረ ጋሼ፣ ክብር ዘበኛ ነው!» «አንተ የት ነበርክና?» እያሉ ሲከራከሩ ዘፈኑ አለቀ። ባለሙያው ካሴቱን ገለበጠ፤ ጋሼም ሬዲዮአቸውን ረስተው በርጩማ ስበው ተቀመጡ።