የአንድ ሳንቲም ጋዜጣ፤ ስለ ሮኪ ማውንቴን ኒውስ አነሣሥና አዘጋግ

አንድ ጋዜጣ ከስሮ በተዘጋ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት «አንባቢ አጣ» የሚል ነው። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ ይታተም የነበረውን የሮኪ ማውንቴን ኒውስን ታሪክ ተመልክተን፣ ጋዜጣ ብዙ አንባቢ እያለውም ሊሞት እንደሚችል ልናሳይ አስበናል። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጋዜጣውን ያቋቋመው ዊልያም ባየርስ ነው። በዚያ አገር ወርቅ ተገኘ በተባለ ጊዜ ማተሚያውን ከኦማሃ በሠረገላ አስጭኖ መጣና፣ በኤፕሪል 23 ቀን 1859 የመጀመሪያውን እትም ከአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ አወጣ። በ1864 የቼሪ ክሪክ ወንዝ ሞልቶ ማተሚያ ቤቱን ጠርጎ ወሰደው፤ ጋዜጣው ግን ጥቂት ቈይቶ እንደ ገና መታተም ጀመረ። በ1926 የስክሪፕስ ኩባንያ ገዛው። በ1942ም አቅሙ በደከመ ጊዜ ገጹን አሳንሶ ለእጅ በሚመች መጠን መውጣት ስለ ጀመረ ነፍስ ዘራ። እንግዲህ ጎርፍ ያላጠፋውን ጋዜጣ ምን አጠፋው?

ለዚህ መልስ ለማግኘት የጋዜጣን የገቢ ምንጭ መመርመር ያስፈልጋል። በ1833 ቤንጃሚን ደይ የተባለው አታሚ በኒው ዮርክ ሰን የተሰኘውን ጋዜጣ በ1 ሳንቲም መሸጥ ሲጀምር፣ የታላላቆቹ ጋዜጦች ዋጋ 6 ሳንቲም ነበር። አንባቢው በበዛ መጠን ነጋዴው ለማስታወቂያው ብዙ ይከፍላልና፣ ከሽያጩ የጐደለው በዚያ ይሞላ ነበር። ከዚህ ወዲህ የአሜሪካ ጋዜጣ ሁለት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሆነ፤ ይኸውም ለአንባቢው ወሬን በርካሽ፣ ለነጋዴው ደግሞ አንባቢውን በውድ መሸጥ ነው።

በዴንቨር ይህ ልማድ እስከ መጨረሻው ድረስ ተሠራበት። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሮኪና ተፎካካሪው ዴንቨር ፖስት ማስታወቂያ ለመሻማት ሲሉ ዋጋቸውን እየቀነሱ ደንበኛ ያበዙ ጀመር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የደንበኝነቱ ክፍያ በቀን 1 ሳንቲም እስከ መሆን ደረሰ። የዓመቱ ሒሳብ 4 ዶላር እንኳ አይሞላም ማለት ነው፤ ይህም ለወረቀቱ ዋጋ የሚበቃ አይደለም። አንባቢው በዛ፤ ኪሳራውም አብሮ በዛ። በመጨረሻም በ1970 በወጣው የጋዜጦች መጠበቂያ ሕግ መሠረት፣ ሮኪ ሊወድቅ የተቃረበ ጋዜጣ ነው ተብሎ፣ በ2001 ሁለቱ በአንድ ማኅበር እንዲሠሩ ተፈቀደ። ጽሕፈታቸው ተለያይቶ ቀረ፤ ማስታወቂያቸው፣ ኅትመታቸውና እደላቸው ግን አንድ ሆነ።

ነገር ግን ማኅበሩ የተመሠረተበት ገቢ ራሱ መድረቅ ጀምሮ ነበር። በ1995 በሳን ፍራንሲስኮ የተጀመረው ክሬግስሊስትና የመሰሉት የኢንተርኔት ገጾች የሥራ፣ የኪራይ ቤትና የአሮጌ መኪና ማስታወቂያን በነጻ ወይም በጥቂት ዋጋ ስለ ተቀበሉ፣ ያ ሁሉ ከጋዜጣ ገጽ ሸሸ። በ2008 የኢኮኖሚው ቀውስ ሲጨመርበት ሮኪ በዚያው ዓመት 16 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ስክሪፕስ ለሽያጭ ቢያቀርበውም ገዢ ጠፋ። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2009፣ 150ኛ ዓመቱን ሊያከብር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ ለኮሎራዶ የስንብት ቃል አትሞ ተዘጋ። በዚያን ጊዜ በየቀኑ ከ200,000 ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር፤ ከ2000 ወዲህም 4 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቶ ነበር። እንግዲህ አንባቢ አጣ፣ ወይም ሥራው ተበላሸ ሊባል አይቻልም።

ምናልባት «ተፎካካሪው ሲዘጋ ሌላው ይጠቀማል» የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ዴንቨር ፖስት ብቻውን ከቀረ በኋላም በ2018 ወደ 30 የሚሆኑ የጽሕፈት ክፍል ሠራተኞቹን እንዲያሰናብት ታዘዘ። የጋዜጣው አዘጋጆችም በኤፕሪል ወር በገዛ ገጻቸው ላይ ባለቤታቸውን በግልጽ ወቀሱ። ይህም የችግሩ ሥር ፉክክር ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

በአገራችን የጋዜጣ ችግር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ነው። እርሱም እውነት ነው። ከዴንቨር የምንማረው ግን ሌላ ጥያቄ መጨመር እንዳለበት ነው፤ ይኸውም የጋዜጠኛውን ደመወዝ በውነት የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው። በሌላ ሰው ገንዘብ የረከሰ ወሬ፣ ያ ሰው እጁን በሰበሰበ ቀን ዋጋው ሁሉ በአንባቢው ላይ ይወድቃል። የዴንቨር አንባቢዎች ግን በቀን አንዲት ሳንቲም መክፈል ለምደው ስለ ነበር፣ ዕዳው መኖሩን ያወቁት ጋዜጣቸው ከተዘጋ በኋላ ነው ብለን እናምናለን።