በሮቤና በጎባ መካከል

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ታክሲ ውስጥ የጀመርኩት ወሬ ሳያልቅ እደርሳለሁ። በክፍለ ሀገሩ ዘመን የባሌ ዋና ከተማ ጎባ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ናት። የመደወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ ጎባ። ሰዉ አንዷ ጋ አድሮ ሌላዋ ጋ ይውላል።

የ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ወርሶ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ለቀበሌ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የቤት ነገር በቀበሌ አጥር ውስጥ የሚያልቅ መስሎን ቀረ። የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ ግን ከአንድ ከተማ አልፎ የሚያይ ፕላንንም ያውቃል።

ሁለቱ ከተሞች ለየብቻ ከሰፉ፣ መሀል ያለው ገበሬ ከሁለት በኩል ችካል ይመጣበታል። ሲናና ደግሞ የስንዴ አገር ነው። እስቲ ሮቤ፣ ጎባና ሲናና አንድ ካርታ ዙሪያ ይቀመጡ! ጣሪያ ስንፈልግ ዳቦ እንዳናጣ።